የሚኒባሱ ቴፕና የእኔ ጆሮ

ከፋብሪካ በጡረታ የወጣሁ ሰሞን ያስቸገረኝ ሥራ መፍታቱ ሳይሆን ዝምታው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የሠራሁት አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ነው። እዚያ ማሽኖቹ ሲነሱ መሬቱ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሰውን የሚያናግረው በከንፈርና በእጅ ነበር፤ ጣት ወደ አፍ ከሄደ ምሳ ነው፣ ትከሻ መታ መታ ከተደረገ አለቃ እየመጣ ነው። ጮኸን ለማውራት የሞከርነው አዲስ የገባን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ቤቴ ስቀመጥ ፀጥታው ጭንቅላቴን ያዘኝ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ አንዲት ልጄም አግብታ ሐዋሳ ናት። ጠዋት ቤቴን አሰናድቼ ቁጭ ስል ከጆሮዬ ውስጥ እንደ ፌንጣ ሲር የሚል ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። የዝምታው ድምፅ ነው ብዬ ተውኩት።

እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም። እግሩ የወለቀ ወንበር ነበረኝና ለአናጢ ከምሰጠው ራሴ ልሞክረው አልኩ። ሙጫ ቀባሁት፣ በገመድ ጠፍሬ አሳደርኩት፣ በማግስቱ ተቀመጥኩበት፤ ያዘ። ከዚያ ወዲህ እንጨት አልለቀቀኝም። ከጓሮዬ የዶሮ ቤት የነበረችውን የቆርቆሮ ክፍል ጠራርጌ፣ መሥሪያ ጠረጴዛ አቁሜ፣ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሞርሳና ትራፓኖ ቀስ በቀስ ገዝቼ ወርክሾፕ አደረግኳት። ዕቃ ታሽጎበት የመጣ ጣውላ በእኛ አካባቢ መጋዘኖች አይጠፋም። በርጩማ፣ መደርደሪያ፣ አትሮንስ እሠራለሁ። አልሸጥም፤ ለሰው እሰጣለሁ። ግማሹ ሰፈር የተቀመጠው በእኔ በርጩማ ላይ ነው፤ እስካሁን ማንንም ጥሎ አያውቅም።

ታዲያ ሥራ የሚጥመው በዘፈን ነው። ለዘፈን ብዬ ግን ትልቅ ዕቃ መግዛት አልፈለግኩም፤ ለብናኝና ለሙጫ ቤት ውድ ዕቃ ማስገባት ሞኝነት ነው።

የጀመርኩት በስልኬ ነበር። ስልኩ ብቻውን ሲዘፍን ድምፁ ቆርቆሮው ሥር ይጠፋል። ባዶ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ባስቀምጠው ግን ድምፁ ወፍሮና ከብዶ ወጣ። ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ ነው፤ ለሚጀምር ሰው ዛሬም እመክራለሁ። ችግሩ ሰው ሲደውል ነው። ዘፈኑ ቀጥ ይላል፣ እጄ ሙጫ ነው፣ ማሰሮው አፉ ጠባብ ነው። አንድ ቀን ስልኩን ሳወጣ በሙጫ ተለቅልቆ ከጣቴ ጋር ተጣበቀና የደወለችው ልጄ «ሃሎ ሃሎ» እያለች እኔ በምላጭ ስላቀቅ ቆየሁ።

ቀጥሎ ታክሲ ተራው አጠገብ ካለ ሱቅ ትንሽ ክብ ስፒከር ገዛሁ። ሚሞሪ ትወስዳለች፣ ቻርጅ ትደረጋለች፣ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። በሩ ላይ «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ወረቀት የለጠፈ ባለሱቅ ሚሞሪውን ተቀብሎኝ «ምን ዓይነት ይሁን?» አለኝ። «የድሮውን በሙሉ፣ ከአዲሱ ደግሞ ቃሉ የሚሰማውን» አልኩት። ሳቀ፤ ሁለቱንም ሞላልኝ። ያቺ ስፒከር ደስ አሰኝታኝ ነበር። ግን መላጊያ ሲሄድ አትሰማም፤ እኔም እስከ ጥጉ እከፍታታለሁ፤ ትንጫጫለች። ክረምት ሳይገባ ብናኝ ቻርጅ መሰኪያዋ ውስጥ ገብቶ ጸጥ አለች።

አቃቂ በሰቃ ሰፈር በኩል ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው አውቃለሁ፤ ይዤለት ሄድኩ። ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያራግፋት የእንጨት ብናኝ ተቆለለ።

«እትዬ፣ ይሄ ስፒከር ነው ወይስ የዱቄት ከረጢት?» አለኝ።

«እንጨት ስሠራ ነው የምከፍታት።»

«ለእንጨት ቤት ይሄ አይሆንም። የታክሲ ቴፕ ያድርጉ። አቧራውን፣ ዝላዩን፣ ሁሉን ለምዶታል።»

«መኪና የለኝም እኮ።»

«መኪና ምን ያደርጋል? ቴፑ የሚፈልገው ዐሥራ ሁለት ቮልት ነው። እሱን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይሰጥዎታል።»

ከመደርደሪያው ላይ ከሚኒባስ የተነቀለ ቴፕ አወረደ። ሹፌሮቹ እስክሪን ያለውን ሲያስገጥሙ አሮጌውን እሱ ዘንድ ትተው ይሄዳሉ። ከፊቱ ፍላሽ መሰኪያ አለው፤ መሰኪያውም ክዳን አለው። ሬዲዮ አለው። ከሚኒባስ በር የወጡ ሁለት ስፒከሮች ጨመረልኝ። ከቆራሌዎች ከገዛው የኮምፒውተር ሬሳ ውስጥም የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ፈትቶ አወጣና እዚያው አስተማረኝ። አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ሳጥኑ ይነሳል፤ ቢጫው የቴፑን ቮልት ይሰጣል። «ሽቦውን እንደፈለጉ፤ ሳጥኑን ራሱን ግን እንዳይከፍቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል» አለኝ። ሁሉም ተደምሮ ሱቅ ውስጥ ካለ አንድ ደህና ስፒከር ዋጋ አይደርስም።

የቀረው የእኔ ሙያ ነበር። ለስፒከሮቹ ከኮምፔንሳቶ ሁለት ሳጥን ሠራሁላቸው። ክቡን በትራፓኖ ዙሪያውን በስቼ በቀጭን መጋዝ አወጣሁት፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ውስጡን ጥጥ ሞላሁት። ጥጥ ለእኔ አዲስ አይደለም። ቴፑን በራሱ ቤት አስገብቼ ብናኝ እንዳይገባው ከኋላው ነጠላ ወጠርኩበት። ስጨርስ ፍላሽ ሰካሁና ማዞሪያውን ከፈትኩ። ምስማር የያዘው ጣሳ ከመደርደሪያው ላይ መንሸራተት ጀመረ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ነው የገባው። መጋዙን እንደያዝኩ ትከሻዬን ነቀነቅኩ፤ ማንም አላየኝም፤ ቢያየኝም ግድ አልነበረኝም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጎረቤትዎ ነኝ፤ ከግድግዳው ማዶ ያለችውን ክፍል የተከራየሁት።»

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፣ ግቢ።»

«አልገባም። ማረሚያ ቤት ነው የምሠራው፣ ሌሊት ተረኛ ነኝ። የምተኛው አሁን ነው። ዘፈኑን ትንሽ ቢቀንሱልኝ ብዬ ነው።»

«ቀንሼው ነው እኮ ያለው።»

ቀና ብላ አየችኝ። እየቀለድኩባት መስሏት ይሆናል። «እንግዲያው ትንሽ ይጨምሩበት መቀነሱን» ብላ ሄደች።

ቀነስኩ። ቃሉ ጠፋኝ። ዘፋኙ አፉን በጨርቅ ያፈነ ይመስላል፤ ዜማው አለ፣ ቃል የለም። ትንሽ ከፍ አደረግኩት። አሁንም ጨርቁ አልወጣም። ሳላውቀው ማዞሪያው ወደ ቦታው ተመለሰ። በነጋታው ስትመጣ ሰላምታም አላስቀደመችም።

«እትዬ፣ ትራሴ እየዘለለ ነው!»

«ልጄ፣ እኔ በግቢዬ፣ በቀን ነው የምሠራው። በቀን አትሥሪ ያለኝ ሰው የለም።»

«አትሥሪ አላልኩም። እኔም ሰው ነኝ ነው ያልኩት።»

ተመልሳ ስትሄድ አረማመዷ የደከመ ሰው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማደር ምን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ፤ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ነበረኝ። ስለዚህ ጉዳዩን እንደ ሥራ ያዝኩት። የተበላሸ ነገር ካለ ይሠራል፤ ይህም አንድ ነገር ነው አልኩ። የእንቁላል ካርቶን ሰብስቤ የጋራ ግድግዳችን ላይ ለጠፍኩ። የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ደረብኩበት። ግድግዳው አመት በዓል የመጣበት መሰለ። ከዚያ ራሴ ሄጄ ጠራኋት፤ «ነይ እስቲ የሠራሁትን እዪልኝ።»

ገባች። ስፖንጁን አየች፣ ካርቶኑን አየች፣ ፈገግ አለች። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፤ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዘፈኑን ዘጋሁት።

«ይሄ ለእርስዎ ትንሽ ነው ወይ ነው ያልኩት። እየጮኽኩ እኮ ነበር።»

«ለወርክሾፕ ልክ ነው።»

ወደ መደርደሪያው ዞር አለች። «ስልክዎ እየጠራ ነው» አለችኝ።

«የት?»

«እዚሁ፣ ከኋላዎ።»

ዞርኩ። ስልኩ ከመጋዙ አጠገብ መብራቱን እያበራ ይንቀጠቀጣል። ዘፈን የለም፣ ማሽን የለም፤ ጸጥ ባለ ቤት፣ እጄን ብዘረጋ በምይዘው ቦታ ላይ እየጠራ አልሰማሁትም። አነሳሁት፤ ልጄ ናት። «እማዬ፣ ለምንድነው የማታነሺው? ካነሳሽ ደግሞ ለምንድነው የምትጮሂው?» አለችኝ። ሁልጊዜ የምትለው ነው። ያን ቀን ግን ቃሏ ሌላ ቦታ ላይ አረፈ።

ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ጣቷን ወደ ጣሪያው ጠርዝ ቀሰረች።

«እነዚያን ይሰማሉ፣ እትዬ?»

ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ወፎች ተደርድረዋል። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ምንም የለም። ያቺ ፌንጣ ብቻ ከጆሮዬ ውስጥ ሲር ትላለች። ወፍ ከሰማሁ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነኝ ለማስታወስ ሞከርኩና አልመጣልኝም። ካንዱ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ከጎኔ ተቀመጠች። «አጎቴ መድፈኛ ነበር፤ ጆሮውን እንደዚሁ ነው ያደረገው» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ። ከዚያ በኋላ ዘፈኑን ይቀንሱልኝ ብላ አታውቅም።

ሆስፒታል የሄድነው አብረን ነው። ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ፣ እንቅልፏን ትታ ተከተለችኝ። ብቻዬን እሄዳለሁ ብላት «ሲጠሩዎት ማን ሊሰማልዎ ነው?» አለችኝ፤ ሳቅሁ፤ እውነቷን ነበር። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ተደረገልኝና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ተነገረኝ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ተጫንኩ። ከዚያ እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ ብዙ ቆየሁ።

ሐኪሙ ትሑት ሰው ነበር፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን እንዳይ አድርጎ ነው ያናገረኝ።

«ወፍራሙን ድምፅ ደህና ይሰማሉ። የተጎዳው ቀጭኑ ነው። ምን ነበር ሥራዎ?»

«ሽመና።»

ራሱን ነቀነቀ። «የሄደው አይመለስም። የቀረውን መጠበቅ ግን በእጅዎ ነው። ትራፓኖ ሲይዙ ጆሮዎን ይሸፍኑ፤ ዘፈኑንም እስከ ጥግ አይክፈቱ። የመስሚያ መሣሪያም አለ፤ ሲመችዎ ያስቡበት።»

በባጃጅ ስንመለስ ጎረቤቴ ያዘንኩ መስሏት እጄን ያዘች። አላዘንኩም ነበር ብል ውሸት ነው። ነገር ግን ሐሳቤ ሌላ ዘንድ ሄዶ ነበር። ወፍራሙን እሰማለሁ፣ ቀጭኑን አልሰማም። ቃሉን ቃል የሚያደርገው ቀጭኑ ነው፤ «ሰ» እና «ተ» የሚጠፉብኝ ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ቃሉ ሲጠፋኝ የምጨምረው ሁሉንም አንድ ላይ ነው።

«አንቺ፣ በግድግዳው በኩል ምንድነው የሚሰማሽ? ቃሉ ይሰማሻል?» አልኳት።

«ቃሉማ አይሰማም። ዱም ዱም ዱም የሚለው ነው። እሱ ነው አልጋዬን የሚመታው።»

ባለባጃጁን «ቶሎ በል» አልኩት።

ያ ቴፕ የሚኒባስ ነው፤ ባስ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚቀንስና የሚጨምር፣ ትሬብል፣ ማለትም ቀጭኑን የሚቀንስና የሚጨምር ቦታ አለው። የድሮው ሹፌር ባሱን እስከ ላይ ሰቅሎት ነበር፤ እኔም እንደመጣልኝ ትቼው ነበር። ጎረቤቴን «አሁን ሂጂ አልጋሽ ላይ ጋደም በዪና ስልክሽን አንሺ» አልኳት። ደወልኩላት።

«እንደ በፊቱ ነው አሁን። ይሰማሻል?»

«እንዴታ!»

ባሱን እስከ ታች አወረድኩት። «አሁንስ?»

«ቀነሰ። ግን አለ፤ ግድግዳው ውስጥ ያንኳኳል።»

ሳጥኖቹ የቆሙት ግድግዳውን ተደግፈው ነው። ስልኩን አስቀምጬ ካላማዳሪ፣ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቆራረጥኩና ሳጥኖቹን በእሱ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ አንጠለጠልኳቸው፤ ግድግዳ እንዳይነኩ፣ ፊታቸው ወደ እኔ ራስ እንዲሆን፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ዝቅ ብለው። ሲነኳቸው እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛሉ። መልሼ ደወልኩ፤ እንቅልፍ ሊወስዳት ጀምሮ ነበር።

«አሁንስ?»

«ከፈቱት እንዴ?»

«ከፍቼዋለሁ!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ስልኩን ዘጋሁና ትሬብሉን እየጨመርኩ፣ አጠቃላዩን ድምፅ እየቀነስኩ ሄድኩ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጨርቁ ከዘፋኙ አፍ ላይ ወጣ። ሌላ ቃል የለኝም። ክራሩ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ጣት ጅማቱን ቆንጥሮ ሲለቅ ይሰማል። ዋሽንት የሚነፋው ሰውዬ መሃል ላይ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ያን ዘፈን ስንት ዘመን አውቀዋለሁ ስል ኖሬ፣ ሰውዬው እንደሚተነፍስ አላውቅም ነበር። አለቀስኩ አልልም፤ መጋዙን ግን አስቀመጥኩ። እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ አዳመጥኩት፤ እሱ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው። ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኛች። ስትነሳ «ዛሬ አልሠሩም እንዴ?» ብላ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተስተካክሏል። ትራፓኖ ስይዝ ጆሮ መሸፈኛ አደርጋለሁ። ልጄ የመስሚያ መሣሪያውን እያፈላለገች ነው፤ እስከዚያው ስትደውል ረጋ ብላ ታወራለች፣ እኔም አልጮህም። ጎረቤቴ በእረፍት ቀኗ ትመጣና ብርጭቆ ወረቀት ይዛ የበርጩማ እግር ታለሰልሳለች፤ የምትመርጠው ዘፈን ግን አይመቸኝም፤ ተራ በተራ አድርገነዋል።

በቅርቡ ፋብሪካ ውስጥ ከጎኔ የነበረው ማሽን ላይ የምትሠራ ባልደረባዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ቤቷ ቱሉ ዲምቱ በኩል ስለሆነ ብዙ አንገናኝም። ልጆቿ «እናታችን ኮራችብን፤ ስንጠራት ዝም ትላለች» ብለው ነግረውኝ ነበር። ዕድር ላይ መሄድም ትታለች። ሻይ አፍልቼላት ስናወራ ዓይኗ ከከንፈሬ ላይ እንደማይነሳ አየሁ። ምንም ሳልላት ይዣት ጓሮ ወጣሁና በርጩማ ላይ፣ ከሳጥኖቹ ሥር አስቀመጥኳት። ለእኔ በሚስማማኝ ልክ ከፈትኩት። ከንፈሬን አየች። ትሬብሉን ትንሽ ጨመርኩ። አሁንም ከንፈሬን። ትንሽ ደግሞ ጨመርኩ።

አንገቷን ቀና አደረገች።

«ማሲንቆ አለበት እንዴ ይሄ ዘፈን?»

«ድሮም ነበረበት።»

«ውሸትሽን ነው!»

«ነበረበት ስልሽ።»

እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ማዳመጫው፣ ስለ ቁልፉ ነገርኳት። ከልጆቿ ጋር ሄዳ ታየች፤ የእሷ ከእኔ የባሰ ነው። ልጆቿ ደንግጠው ነው የደወሉልኝ፤ ኩራት መስሏቸው ከርመው ኖሯል። አሁን ፊቷ ቆመው ያናግሯታል።

ቴፕ የሚጠግነው ሰው ለባልደረባዬ የሚሆን አንድ ሌላ አሮጌ ቴፕ አስቀምጦልኛል። ሳጥኑን እኔ ነኝ የምሠራላት፤ የእሷ ቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ ኮምፔንሳቶ አይሆንም፣ ዋንዛ አገኘሁላት። ትናንት መጥታ ትእዛዝ ሰጠችኝ።

«ሰፋ አድርጊው፤ ላዩ ላይ ፎቶዎቼን አስቀምጥበታለሁ።»

«ስፒከር ላይ ፎቶ አይቀመጥም፤ ይንቀጠቀጣል።»

«ባሱን ትቀንሺው የለ?»

አሰብኩት፤ ልክ ናት። ጣውላውን በአንድ ስንዝር አስረዝሜ ቆረጥኩት።